አስቀድሞ የተከፈለ ስለት

አብዲኤል ጠዋት ጠዋት የሚሮጠው ሰው እንዲያየው ብቻ ነበር። ከእናቱ ቤት ይነሣል፣ የስኳር ፋብሪካው ባቡር ድሮ ይሄድበት በነበረው ሐዲድ ዳር እስከ ተዘጋው የፋብሪካ በር ይደርሳል፣ ከዚያ በሱቁ በኩል ዞሮ ይመለሳል። አቋራጭ ነበረው። በሙዙ ጓሮ ቢታጠፍ ግማሹን መንገድ ያተርፍ ነበር። በሙዙ ጓሮ ግን ማንም አያየውም፤ ካላዩት ደግሞ መሮጡ ምን ይረባል?

"ባቡሩ መጣ!" አለ ባለሱቁ በረንዳውን እየጠረገ። "ዘንድሮስ ጣቢያው ትደርሳለህ ወይስ ከሰል አለቀብህ?"

"ከሰል ሞልቷል፣ አለቃ።"

"እንግዲያው አጥብቀህ ሩጥ! እንዲህ እየተጎተትክ አህያም ይቀድምሃል።"

ባቡሩ የሚለውን ስም ያወጡለት በአሥራ አራት ዓመቱ ነው። አሥራ ስድስት ሲሞላው አንድ የአሜሪካ ቤዝቦል ክለብ በወርዋሪነት አስፈረመው፤ ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ፣ ሎስ ራይሌስ የሚባለው ሰፈር፣ ሲጨፍር አደረ። እናቱ ኔሪስ በፊርማው ገንዘብ የእንጨት ቤቷን በብሎኬት አሠራች። ለሁለተኛው ፎቅ የሚሆነውን ብረት ደግሞ ጣሪያው ላይ አቁማ ተወችው፤ ልጁ ትልቁ ሊግ ሲገባ ይቀጥላል ተብሎ። ብረቱ ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዝናብ እየጠጣ ዝጓል።

አሁን አብዲኤል ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። አምስት ዓመት አሜሪካ ተመላልሶ ከታችኞቹ ሊጎች ሁለተኛውን እርከን አላለፈም። ትከሻው ከተቀደደና ከተሰፋ ወዲህ ኳሱ እንደ ድሮው አልሄድ አለ። የገና በዓል ሊደርስ ሲል ስልክ ተደወለለት። ደዋዩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ስላደረገው አስተዋጽኦ አመሰገነው፣ መልካሙን ሁሉ ተመኘለት፣ በመጨረሻ በሌላ ልጅ ስም ጠርቶት ስልኩን ዘጋ።

ይህን ከእናቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ኔሪስ ስትሰማ ድስቱን ከእሳቱ ላይ አውርዳ ተቀመጠች። ቆይታ፣ "እስከ እመቤታችን አልታግራሲያ በዓል ዝም በል" አለችው። "ሰው በዓሉን በደስታ ያክብር።" ስለዚህ ይሮጣል።

በዓሉን ያለ ምክንያት አላነሣችውም። አብዲኤል የፈረመ ቀን፣ ሁሉም ሞቅ ብሎት ሳለ፣ ከሰፈሩ ሰው ለአልታግራሲያ እመቤታችን ያልተሳለ አልነበረም። የስለት ወግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ስጪኝና እሰጥሻለሁ። ሲሰምር ይከፈላል፤ ካልሰመረ ማንም ማንንም አይጠይቅም። የሎስ ራይሌስ ሰው ግን ልጁ ከፈረመ ያለቀ ነገር ነው ብሎ አስቀድሞ መክፈል ጀመረ። ዶኛ ኦቲሊያ "አብዲኤል ትልቁ ሊግ እስኪገባ አላወልቅም" ብላ ጆንያ የመሰለ የስለት ቀሚስ ለበሰች፤ ዛሬም ለብሳዋለች፣ በዚያ ሙቀት አንገቷን ሽፍታ በልቷታል። ባለሱቁ ቢራ እየሸጠ ቢራ መጠጣት ተወ። የፀጉር አስተካካዩ ወንድም ፀጉሩን አላስቆርጥም አለ፤ ይህ ለወንድሙ ሥራ ጥሩ ማስታወቂያ አልሆነም። ዶን ኡልፒያኖ ደግሞ ዓይናቸውን ሰጡ።

ዶን ኡልፒያኖ የፋብሪካው ሜዳ ዳኛ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ከኳስ ያዡ ጀርባ ቆመው ሲፈርዱ፣ ሠላሳ ዓመት "አንተ ዕውር!" ሲባሉ ኖረዋል። የምር ሞራ ቀኝ ዓይናቸውን ሲጋርደው ሰፈሩ መጀመሪያ የሳቀው ለዚህ ነው። አብዲኤል የፈረመው በዚያው ሰሞን ነበር። ዶን ኡልፒያኖ በግብዣው መሐል ተነሥተው፣ "ይህ ልጅ ትልቁ ሊግ እስኪገባ ዓይኔን ሐኪም አይነካውም። ዓይኔ ሲበራ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው" አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። ቢበዛ ሁለት ዓመት ቢፈጅ ነው ብሎ ያላሰበ ሰው አልነበረም። አሁን የግራውም ዓይን ነጭ ሆኗል።

"ቁም!" አሉት በዚያ ማክሰኞ ጠዋት፣ ደጃፋቸው ካለው የለውዝ ዛፍ ሥር፣ ከፕላስቲክ ወንበራቸው ሳይነሡ። "ቀኝ እግርህ ይጎተታል። ደክሞሃል?"

"ኧረ አልደከመኝም፣ ዶን ኡልፒያኖ።"

"ውሸታም። በረራህ መቼ ነው?"

"ገና አልነገሩኝም።"

"የሌሎቹ ልጆች ቲኬት መጥቷል አሉ።"

"የእኔ ትንሽ ይዘገያል።"

"ይዘግይ። ባቡር ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል። እኔ እንደሆነ የትም አልሄድም፤ ብሄድም ግድግዳ ነው የምመታው።" በራሳቸው ቀልድ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

ልጃቸው ዩዴልካ አልሳቀችም። በሩ ጋ ባለው ምድጃ ላይ ያኒኬኬ፣ ያን ስስ የሊጥ ጥብስ፣ እየገለበጠች አብዲኤልን ከእግር እስከ ራሱ ትመለከተዋለች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ክንዷ በዘይት ፍንጥርጣሪ የተዥጎረጎረ ሴት ናት።

"አንተ ሰውዬ፣ ወደዚህ ና" አለችው። ጥብሱን በወረቀት ጠቅልላ እጁ ላይ ከጣለች በኋላ ድምፅዋን ቀነሰች። "አባረውሃል፣ አይደል?"

"ማን ነገረሽ?"

"አንተ። አሁን።"

አብዲኤል ያኒኬኬው እጁን ሲያቃጥለው ከእጅ ወደ እጅ አቀያየረው። መብላት አልቻለም፤ መጣልም አሳፈረው።

"ስማ" አለች ዩዴልካ። "የዓይን ሐኪሞቹ መጥተዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ናቸው። በነጻ ነው የሚያክሙት። ዓርብ ከሰዓት ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። ትናንት አንዷን ዶክተር ለምኜ እዚህ ድረስ አመጣኋት። ሞራው በጣም ቆይቷል አለች። ከዚህ በላይ ከቆየ ከኋላ ያለውን ነርቭ ይገድለዋል፤ ያኔ ማንም አይመልሰውም አለች። አባቴ ምን ብሎ መለሰላት መሰለህ? 'ዶክተር፣ ልጁ ዘንድሮ ይገባል።'"

"እኔ ነኝ ተሳልልኝ ያልኩት? እኔ ነኝ ዓይንህን ስጥ ያልኩት?"

"አላልክም። እኔስ ላጉርስ፣ ላጥብ፣ ሽንት ቤት ላድርስ ብዬ ተስያለሁ? ሁለታችንም ሳንጠየቅ ነው የገባንበት። ልዩነቱ አንተ ተናግረህ መውጣት ትችላለህ።"

"እናቴ እስከ በዓሉ ዝም በል ብላኛለች።"

"በዓሉ የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። ሐኪሞቹ ዓርብ ይሄዳሉ። አሜሪካ ስትኖር ቀን መቁጠር አላስተማሩህም?"

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ። ዶን ኡልፒያኖ ጥላውን ተከትለው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተዋል። አብዲኤል መሬት ላይ ተቀመጠና፣ መንገድ ላይ ያሰናዳውን ንግግር ሁሉ ረስቶ፣ "ክለቡ አሰናብቶኛል" አለ። "ከገና በዓል በፊት ነው። የእኔ ነገር አልቋል፣ ዶን ኡልፒያኖ። እና ስለትዎም ቀርቷል። ሄደው ይታከሙ።"

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ከዚያ፣ "ማነው ያሰናበተህ?" ብለው ጠየቁ።

"ክለቡ።"

"ክለብ አፍ አለው እንዴ? የነገረህ ሰው ማነው?"

"አንድ ሰውዬ ነው። በስልክ።"

"አንድ ፈረንጅ በስልክ!" ጭናቸውን መቱ። "እኔ የተዋዋልኩት ከእመቤታችን ጋር ነው፣ ስልክ ከያዘ ፈረንጅ ጋር አይደለም። ያ ሰውዬ ስትወረውር ሰምቶሃል? እኔ ሰምቼሃለሁ። ገና ጢምህ ሳይበቅል ከያዡ ጀርባ ቆሜ ነበር። ኳስህ ጓንት ውስጥ ስትገባ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ኮኮናት የወደቀ ነበር የሚመስለው። ሠላሳ ዓመት ስዳኝ ያን ድምፅ ከሌላ ሰው እጅ አልሰማሁም።"

"ትከሻዬ ተቀድዷል እኮ።"

"ተሰፍቷል። የተሰፋ ጆንያ ከአዲሱ ይጠነክራል። በል ሂድ፣ ጠዋት ሩጥ፤ እግርህን ግን አትጎትት።"

ዩዴልካ ከምድጃዋ ጋ ሁሉንም ሰምታለች። ማንኪያውን ዘይቱ ውስጥ ወረወረችው።

አብዲኤል የፈራው መናገሩን ነበር። ከተናገርኩ ይቀለኛል ብሎ ነበር። እሱ ሸክሙን ሲያወርድ ግን ሰዉ አንሥቶ፣ ሌላም ጨምሮበት፣ መልሶ አሸከመው። ሳይመሽ መንገዱ ሁሉ ሰማ። የሰደበው የለም። ለስድብ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለደግነት ግን አልተዘጋጀም።

"ሌላ ክለብ ሞልቶ!" አለ ባለሱቁ፣ የከፈለውን ገፍቶ እየመለሰለት። "ትልቁ ሊግ የሚገባ ሰው እዚህ አይከፍልም።"

"ጃፓን አለ" አለ ፀጉረ ረጅሙ የፀጉር አስተካካዩ ወንድም። "ጃፓኖች የእኛን ልጆች ይወዳሉ።"

"ጃፓን ትልቁ ሊግ ነው እንዴ? ስለቱ ትልቁ ሊግ ነው የሚለው!"

"ከጃፓን ወደዚያ ይሻገራላ! አንተ ደግሞ ነገር ማክበድ ትወዳለህ።"

ዶኛ ኦቲሊያ አንገቷን እየፎከተች መጥታ አገጩን ያዘችው። "አይዞህ የእኔ ልጅ። እኔ ይህን ቀሚስ ገና አልጠገብኩትም።" ዓይኗ ግን እንደ ጠገበችው ይናገር ነበር።

በመጨረሻ ራሞንሲቶ በሞተር ሳይክል መጣ። ልጆች እያሠለጠነ ለክለብ የሚያቀርብ ሰው ነው፤ አብዲኤልንም ያሳደገው እሱ ነው፣ ከፊርማውም ድርሻውን በልቷል። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ "ሐሙስ ከሰዓት መልማይ አመጣለሁ" አለ። "የሌላ ክለብ ነው። ሜዳው ላይ አሥር ኳስ ወርውርለት፣ የቀረውን ለእኔ ተወው።" መንገዱ በጩኸት ተናወጠ። ማንም አብዲኤልን አልጠየቀውም።

እናቱ በሩ ላይ ቆማ ወደ ጣሪያው እያየች ጠበቀችው።

"አልወረውርም ብልስ?" አላት።

"ወርውርላቸው። ካልሆነ አልሆነም።"

"አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"እኔ?" አለች ኔሪስ። "እኔ ይህን ብረት ማየት ሰልችቶኛል። ወይ ፎቁ ይሠራበት፣ ወይ ይቆረጥ። ልብስ ሳሰጣ ሁለቴ ቀደደብኝ።"

ሐሙስ ዕለት ከፋብሪካው ሜዳ ዙሪያ ሰው እንደ በዓል ተሰበሰበ። አንዱ ከበሮ አምጥቷል፤ አንዱ የበረዶ ሣጥን ተሸክሞ ለስላሳ ይሸጣል። መልማዩ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ፣ በዚያ ጠዋት ብቻ ሌላ ሦስት ሜዳ የዞረ የሚመስል፣ ሆዱ የወጣ ሰው ነው። የፍጥነት መለኪያውን ከኪሱ አውጥቶ በሸሚዙ ጠረገና ለማንም ፈገግ ሳይል ተቀመጠ።

ራሞንሲቶ አብዲኤልን ክንዱን ይዞ ዕቃ ቤት አስገባው። በጨርቅ የጠቀለለውን መርፌ አሳየው።

"አንዴ ትከሻህ ላይ፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት አሥራ ስድስት ዓመትህ ትሆናለህ።"

"ከአንድ ሰዓት በኋላስ?"

"ከአንድ ሰዓት በኋላ ፈርመሃላ!"

አብዲኤል መርፌውን ያውቀዋል። ባለፈው የውድድር ዘመን መጨረሻ አንዴ ተወግቶ፣ ለጥቂት ደቂቃ ክንዱ እንደ ድሮው ታዞለት ነበር። በማግሥቱ ማንኪያ ማንሣት አቃተው። ስለዚህ መርፌው እንደሚሠራ ጥርጥር የለውም። ችግሩም እሱ ነው፤ ይሠራል። መልማዩ ቁጥሩን ያያል፣ በርካሽ ያስፈርመዋል፤ ሰፈሩ እንደገና ይጨፍራል፤ ኦቲሊያ በቀሚሱ ላይ ሌላ ዓመት ትጨምራለች፤ ከዚያ አንድ ቀን ስልክ ይደወላል።

በበሩ ስንጥቅ ወደ ሜዳው አየ። ዩዴልካ አባቷን እጃቸውን ይዛ፣ በሌላ እጇ የፕላስቲኩን ወንበር እየጎተተች፣ ድሮ ይቆሙበት ወደነበረው ቦታ ከያዡ ጀርባ እየወሰደቻቸው ነው። ዶን ኡልፒያኖ የዳኝነት ቆባቸውን አድርገዋል። ቆቡ ጠቦ ጭንቅላታቸው ላይ ጉብ ብሏል። አንድ ጊዜ ተሰናክለው ዩዴልካ በትከሻዋ ደገፈቻቸው፤ ሳታይ፣ እንደ ልማድ።

"አልፈልግም" አለ አብዲኤል።

"ምኑን?"

"መርፌውን። አልወጋም።"

"አንተ ልጅ አብደሃል? ያ ሁሉ ሰው ለአንተ ብሎ ፀሐይ ላይ ቆሞ!"

"ጠርቻቸዋለሁ እንዴ?"

"ከአሥራ ሁለት ዓመትህ ጀምሮ ያበላሁህ እኔ ነኝ! ሩዙን፣ ቪታሚኑን፣ ጫማውን!"

"ድርሻህን ወስደሃል፣ ራሞንሲቶ። ልለፍ።"

ለሽማግሌው ዓይን ብሎ ነው ቢባል ያምር ነበር። ምናልባት እሱም አለበት። በዚያች ሰዓት ግን ደረቱ ውስጥ የነበረው ደግነት ሳይሆን ድካም ነው። ሰው ሲደክመው ውሸት ከእውነት የበለጠ ጉልበት ይጠይቀዋል። አብዲኤል ያ ጉልበት አልነበረውም።

ወደ መወርወሪያው ወጣ። ያዡ የአጎቱ ልጅ ዊልኪን ነው፤ ጓንቱን ሁለቴ መትቶ ቁጢጥ አለ። ከበሮው ተመታ። አብዲኤል ወረወረ።

ኳሷ ቦታዋን አልሳተችም። ቀጥ ብላ ጓንቱ ውስጥ ገባች። መልማዩ መለኪያውን አየ፤ ምንም አልጻፈም።

"ስንት አለ? ስንት አለ?"

"ሰማንያ አምስት ማይል፤ ዘጠና እንኳ አልደረሰም" አለ ራሞንሲቶ ከጥርሱ መሐል።

"እያሟሟቀ ነው!" አለ ባለሱቁ። "ገና እያሟሟቀ ነው፣ ባቡር በአንዴ አይነሣም!"

ደግሞ ወረወረ። ደግሞ። ቁጥሩ ሰማንያ አራት፣ ሰማንያ አምስት እያለ እዚያው ይዋልላል። ሕዝቡ ለእያንዳንዷ ኳስ ምክንያት አወጣላት። መወርወሪያው አፈሩ ላልቷል። ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ልጁ ቁርስ አልበላም። መለኪያው የፈረንጅ ነው፣ ይዋሻል።

ዶን ኡልፒያኖ ብቻ አልተናገሩም። አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው ያዳምጣሉ። ከበሮው አስቸገራቸው። በድንገት እጃቸውን አነሡ።

"ዝም በሉ!"

ያ የዳኛ ድምፅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሜዳ ያዘዘ ድምፅ ነው፤ ከበሮ መቺው እጁ አየር ላይ ቀረ። ለስላሳ ሻጩ እንኳ የሣጥኑን ክዳን ቀስ ብሎ ዘጋ።

"አብዲኤል!"

"አቤት፣ ዶን ኡልፒያኖ!"

"ኳሷን ስታባብላት ሰማሁ። አሁን ያለህን ወርውር። ያለህን ሁሉ።"

አብዲኤል ኳሷን በጓንቱ ውስጥ አገላበጣት። ትከሻው ላይ ከሥር አንድ ነገር እንደ ተፈታ ክር ይሳባል። እግሩን አነሣ፣ ወገቡን አዞረ፣ አሥራ አራት ዓመቱ ሳለ እንደሚያደርገው ሁሉን ነገር ከኳሷ ኋላ ላከው። ክንዱ ሲወርድ ከጉሮሮው ሳያስበው ድምፅ ወጣ። ዓይኑ ጨለመበት፤ በጉልበቱ ተንበረከከ።

ኳሷ ጓንት ውስጥ ገባች። እርጥብ ልብስ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነበር።

ማንም ቁጥሩን አልጠየቀም።

"ዊልኪን" አሉ ዶን ኡልፒያኖ። "ጓንትህ ደኅና ነው?"

"ደኅና ነው።"

"መሐሉ ላይ ነው የያዝካት?"

"መሐሉ ላይ ነው፣ ዶን ኡልፒያኖ።"

"ያለው ይህ ነው?"

ዊልኪን ወደ ዘመዱ አየ። አብዲኤል ትከሻውን በሌላ እጁ ይዞ ገና እንደ ተንበረከከ ነው። "ያለው ይህ ነው" አለ ዊልኪን።

ሽማግሌው የወንበሩን ክንድ ተመርኩዘው ተነሡ። ጎንበስ ብለው የነበሩት ሰውዬ ቀጥ አሉ። ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጨዋታ ሲያልቅ እንደሚያደርጉት፣ ወደ ጎን ጠረጉት።

"አብቅቷል። ሁላችሁም ወደየቤታችሁ!"

ሠላሳ ዓመት በዚያ ሜዳ ላይ እኚህ ሰው ፈርደው ያልተጮኸባቸው ቀን አልነበረም። እናታቸው ተሰድባለች፣ የለውዝ ፍሬ ተወርውሮባቸዋል፣ አንድ ጊዜ ጫማ። በዚያ ሐሙስ ግን ማንም አልተከራከረም። መልማዩ መለኪያውን ኪሱ ከተተ፤ አብዲኤል ጋ መጥቶ፣ "ኳስ ማነጣጠርህ ጥሩ ነው" አለና ሄደ።

ዶን ኡልፒያኖ ወደ አብዲኤል አልመጡም። ልጃቸውን ፈለጉ።

"ዩዴልካ! ሐኪሞቹ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጉት?"

"አሥራ አንድ ሰዓት" አለች። "ከተጣደፍን እንደርሳለን። ስለትህስ?"

"ዳኛው እኔ ነኝ፣ ፈርጃለሁ። እመቤታችን የለመንኳትን ካልሰጠችኝ እሷ ዘንድ ያስቀመጥኩትን ትመልስልኝ። አደራ አደራ ነው። ምን ቆመሻል? ሞተር ጥሪ!"

አባትና ልጅ ሞተረኛው ኋላ ተደራርበው ሲወጡ በአብዲኤል አጠገብ አለፉ። ሽማግሌው ፊታቸውን አላዞሩም። ዩዴልካ ግን በአባቷ ትከሻ ላይ አንዴ አየችው። የምስጋና መልክ አልነበረውም፤ አንድ ከባድ ዕቃ አብሯት ተሸክሞ የያዘውን ጫፍ እንዳስቀመጠ ሰው ነበር ያየችው።

ስድቡ በዚያው ቀን ጀመረ። ባለሱቁ ከአምስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ቢራ ከፍቶ ጠጣና አፉን ጠረገ። "ለካ ባቡሩ የጫነው ገለባ ነበር!" አለ በረንዳው ሙሉ ሰው እየሰማ። የፀጉር አስተካካዩ ወንድም ተቆርጦ እንደ ተነጨ ዶሮ ሆነ፤ ላየው ሁሉ ጥፋቱ የአብዲኤል ነው እያለ አስረዳ። ራሞንሲቶ ሰላምታ ነሣው። ዶኛ ኦቲሊያ ማክሰኞ በበዓሉ አውቶቡስ የእመቤታችን ደብር ወዳለበት ሂግዌይ ወርዳ ቀሚሱን በእመቤታችን ደጅ ትታ፣ ቢጫ ልብስ ለብሳ፣ አሥር ዓመት ቀንሳ ተመለሰች፤ አብዲኤልን ስታገኘው ግን መንገድ ተሻገረች። ሱቅ ሲሄድ ከፈለ። ፀጉሩን ሊቆረጥ ሲሄድ ተራ ጠበቀ። እናቱ ሰው ጠርታ ብረቱን ከጣሪያው ላይ አስቆረጠችና ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው ረጅም የልብስ ገመድ ዘረጋች።

ስድቡን ሲሰማ አብዲኤል አንድ ነገር ገረመው። ከደግነቱ ይቀላል።

ከበዓሉ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ጠዋት፣ በለውዙ ዛፍ በኩል አለፈ። አልሮጠም። ወደ ወደቡ ሥራ ሊጠይቅ ይሄድ ነበር፤ ቀኝ ክንዱን አጥፎ በደረቱ ይዞታል። ዶን ኡልፒያኖ ቀኝ ዓይናቸው ተሸፍኗል፤ ግራው ተከፍቷል፣ ትንሽ ቀልቶ ያነባል። ግድግዳውን፣ ምድጃውን፣ የዩዴልካን ክንድ፣ ደጃፍ ላይ የተኛውን ውሻ አንድ በአንድ ሲያዩ ነበር። ከዚያ እሱን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"በጨለማው ውስጥ ከዚህ ትረዝም ነበር።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ጆሮህም ትልልቅ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም።"

"አባቴ፣ ተወው" አለች ዩዴልካ ሊጥ እየዳመጠች።

"ምን አደረግሁት? ለማየት ነው የታከምኩት፣ እያየሁ ነው።" ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉና ከጎናቸው ያለውን ባዶ ወንበር በእግራቸው ገፉለት። "በል ተቀመጥ። ደክሞሃል።"

አብዲኤል አልደከመኝም ሊል አፉን ከፈተ። ሽማግሌው ግን በዚያች በአንዷ ዓይናቸው ትክ ብለው እያዩት ነበር። ተቀመጠ። ዩዴልካ ትኩስ ያኒኬኬ በወረቀት ጠቅልላ ጭኑ ላይ ጣለችለት፤ በግራ እጁ ያዘና በላው።